የማይተው ግስ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ሊቨርፑል ዘንቦባት፣
የፎቁ ላይ ክፍላችን ማሞቂያዋ ታሞባት፣
መምህራችን ሞሪን ካፖርቷን ደርባ
አንዲት ግስ ጻፈችልን፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ሰሌዳው ጋ ቀርባ።

ኩዊት።
አጭር ናት፤ ነፋስ እንደገፋው በር ጓ ትላለች፣
ከንፈር አሹላ ገብታ ምላስና ጥርስ መሐል ትዘጋለች።

"ይህ ግስ" አለች ሞሪን፣ "ዛሬም ኩዊት ነው፣ ትናንትም ያው ነው፤
ሌላው በጊዜው ልብስ ሲቀይር ይኼ ባለአንድ ሸሚዝ ነው።"
ከኋላ የተቀመጠው ሱዳናዊው ሙዘሚል ሣቀ፦
"ሰውን ተው እያለ፣ እሱ ራሱ መልኩን አልለቀቀ!"

ሱሊያን ከጎኔ ናት። ከፉጂያን የመጣች፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ሽሪምፕ ስትልጥ የኖረች፤
ጣቶቿ በበረዶ ውሃ ተሸብሽበው
እስክሪብቶ ስትይዝ ቢላ የጨበጠች ነው የሚመስለው።
ደብተሯ ጥግ ላይ በአገሯ ፊደል ሦስት ቃል ደረደረች፣
በተሰባበረችው የጋራ ቋንቋችን አንድ በአንድ ነገረች፦
ይህ ሥራ ሲለቀቅ። ይህ ለሲጋራ፣ ለቁማር፣ ለመጠጥ።
ይህ ደግሞ ሰው ደክሞት የተሸከመውን መንገድ ዳር ሲያስቀምጥ።
"እነሱ ለሁሉም አንድ ቃል ብቻ? ድህነት ነው!" አለችኝ፤
"እናንተስ?" ብላ ዞራ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካችኝ።

እኛማ…
ሥራ እንለቃለን፣ ትምህርት እናቋርጣለን፣
መጠጥን እርም እንላለን፣
ክፉ ወዳጅ እርግፍ አድርገን እንተዋለን፣
ተስፋን ግን እንቆርጣለን።
ይህን በምን አፌ ልንገራት?
ሁለት ጣቴን መቀስ አደረግሁና ተስፋ ቆረጥሁላት፤
ራሷን ነቀነቀች። የልብስ ክር መሰላት።

ሙዘሚል ከጃኬቱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋ፦
"ይህችን ግስ አውቃታለሁ፤ ቤቱን ልቀቅ ብላ መጥታለች እኔ ጋ።
እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። መምህርት፣ ሳልፈልግም ለቀቀ ይባላል?"
ሞሪን ካፖርቷን ቆለፈች። "በሕግ ቋንቋ… አዎ፤ ሰዋስዉም ያስኬዳል።"

ከዚያ ስለሚከተለው ግስ አስጠነቀቀችን፣ ስለ አያያዙ።
እኔ በልቤ ወደ አማርኛ መለስሁት እንደ ነገሩ፣ እንደ ወዙ፦
ማጨስ ያቆመ አለ፣ ሊያጨስ የቆመ አለ፤
የአንዱ ሳንባ ዳነ፣ ሌላው ክብሪት ፈለገ፣ ጢሱ ቀጠለ።

"አንዲት ፊደል ደግሞ መሐሉ ከገባች" አለች ጣቷን አንስታ፣
"ኳየት ይሆናል፤ ጸጥታ።"
ይህን ስትል ሱሊያን አልነበረችም፤
ስልክ ጠርቷት ነበር፣ ደጅ ወጥታ።

ለአሠሪዋ ደብዳቤ ጻፈች፣ ሦስት ሌሊት መዝገበ ቃላት ታቅፋ፤
ሚስተር ሎክ እዚሁ ተወልዶ የአያቱን ፊደል አያነብም።
"ክቡር ሆይ፣ ከሰኞ ጀምሮ ጸጥ እላለሁ" ይላል፣
ያችን አንዲት ፊደል መሐሉ ሸጉጣ፣ ተሳስታ፣ አሳልፋ።
"አንቺ ደግሞ መቼ ጮኸሽ ታውቂያለሽ?" ብሎ ሣቀባት፣
ደብዳቤውን ፍሪጅ ላይ ለጠፈው፣ በዓሣ ቅርጽ ማግኔት።
ሰኞ ረፋድ ሽሪምፑ በበረዶ ሣጥን መጣ፤
የሚልጠው ጠፋ።

በማግስቱ ክፍል ስትመጣ እጇ የሎሚ ሳሙና ይሸታል።
"ደወለልሽ?"
"ዘጠኝ ጊዜ።"
"ታዲያ ምን አልሽው?"
ስህተቷን ነግሬያት ነበርና፣ ከንፈሯን አሹላ፣ ሁለቱን ቃል ለይታ፣ ተጠንቅቃ፣
"ጸጥ አልሁት" አለች፣ ስቃ።

ሞሪን ሌላ ግስ ልትጽፍ ሰሌዳውን ወለወለች፤
ያቺ የባለፈው ሳምንቷ ግን ደብዝዛ ትታያለች፣
አልለቅ ብላለች።